ቆረቆንዳን የናቀ ሚዛን

ፒፓ ሲባል በብዙ አንባቢ ዓይነ ሕሊና የሚመጣው ጥቁር ቡናማ ቀለም ያለው፣ እንደ መስተዋት የተወለወለ፣ በቆዳ ወንበር ላይ የተደላደለ አንድ አዛውንት በመዳፉ የሚያሻሸው እንጨት ነው። ከበቆሎ ቆረቆንዳ የተሠራ ፒፓ ሲነሣ ግን ፊት ሁሉ ወደ ፈገግታ ይለወጣል። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1929 በአሜሪካ ጋዜጣ ላይ የተወለደው የካርቱኑ መርከበኛ የፖፓይ ዕቃ ነው፤ ባርኔጣው የተቀደደበት የቀልድ ገበሬ ምልክት ነው። ፒፓ እናውቃለን የሚሉ ሰዎች ደግሞ ይህን ፈገግታ ወደ ፍርድ አሳድገውታል። «ለጀማሪ ይሆናል፣ ዓሣ ሊያጠምድ ለሚሄድ ይሆናል፣ ወንዝ ቢወስደው አያስቆጭም» ይላሉ። ፍርዱ ለስላሳ ይመስላል፤ በውስጡ ያለው ግን ንቀት ነው። ለመሆኑ ይህ ንቀት የተመዘነው በጭሱ ነው ወይስ በዋጋው?

መልሱን ለማግኘት ዕቃው ከየት እንደመጣ ማየት ያስፈልጋል። የቆረቆንዳ ፒፓ አገሩ አሜሪካ ነው። በቆሎም ትምባሆም የዚያው ምድር ተክሎች ናቸው። በሌላው ዓለም ሁለቱም እንግዶች እንደነበሩ የአማርኛው ስም ራሱ ይመሰክራል፤ በቆሎ በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢ «የባሕር ማሽላ» ሲባል የኖረው ከባሕር ማዶ በመምጣቱ ነው። የአሜሪካ ገበሬ ፋብሪካ ሳይጠብቅ ቆረቆንዳውን በቢላዋ ቦርቡሮ፣ ሸምበቆ ሰክቶበት ያጨስ ነበር። እንዲህ ያለው የቤት ሥራ ግን ዕድሜው አጭር ነበር። ቆረቆንዳ በቀዳዳ የተሞላ ነገር ስለሆነ እሳቱ ግድግዳውን በስቶ ይወጣል።

በሚዙሪ ወንዝ ዳር በምትገኘው ዋሽንግተን በምትባል ትንሽ ከተማ ሄንሪ ቲቢ የሚባል ከኔዘርላንድስ የመጣ እንጨት ሠራተኛ ነበር። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ እንደሚለው በ1869 አንድ የአካባቢው ገበሬ ቆረቆንዳ ይዞ መጥቶ በቶርኖው ላይ ፒፓ አድርጎ እንዲሞርድለት ጠየቀው። ገበሬው በሥራው ደስ ስለተሰኘ ቲቢ ጥቂት ጨምሮ ሠርቶ በሱቁ መስኮት አስቀመጠ፤ ተሸጡ። ከዚያ በኋላ ወደ ሌላ እንጨት ሥራው እምብዛም አልተመለሰም። ዋናው ብልሃት የመጣው በ1878 ነው። በቆረቆንዳው ውጭ ያሉትን ቀዳዳዎች በጀሶ ደፍኖ፣ አድርቆ፣ አለስልሶ የመሥራቱን ዘዴ የፈጠራ መብት አስመዘገበበት። ጀሶው ውጩን አጠነከረው፤ ውስጡ ግን እንደ ተፈጥሮው እርጥበት የሚመጥ ሆኖ ቀረ። ሌላው የዚህ ፒፓ ጠባይ ሁሉ፣ ክፋቱም ደግነቱም፣ ከዚህ አንድ ነገር ይመነጫል።

ቲቢ ለዕቃው ያወጣለት ስም «የሚዙሪ ሚርሻም» የሚል ነው። ሚርሻም ማለት በጀርመንኛ «የባሕር አረፋ» ሲሆን በተለይ በቱርክ አገር በኤስኪሼሂር የሚቆፈር ነጭ፣ ቀላል፣ ለመቅረጽ የሚመች ድንጋይ ነው። እርጥበቱን ስለሚመጥ ጭሱን ያቀዘቅዛል ተብሎ በፒፓ ዓለም ከፍ ያለ ቦታ ተሰጥቶታል። እንግዲህ የገበሬ ቆሻሻ የሆነው ቆረቆንዳ በአንድ ጊዜ የከበረ ድንጋይ ስም ተሸከመ። ስሙ ጉራ ነው፤ ግን ባዶ ጉራ አይደለም። ሁለቱም እርጥበት የሚመጡ፣ ሁለቱም ቀላል፣ ሁለቱም ጭሱን የማያግሉ ናቸው። ልዩነቱ አንደኛው ከምድር ተቆፍሮ በጥበበኛ እጅ ሲቀረጽ ሌላው በየዓመቱ ከማሳ መሰብሰቡ ነው።

እዚህ ላይ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ጎራ ማለት ያስፈልጋል፤ ሚርሻም የቱርክ ብቻ አይደለምና። በኬንያና በታንዛንያ ወሰን ላይ፣ ከኪሊማንጃሮ ተራራ ግርጌ ባለው በአምቦሴሊ ተፋሰስ ይኸው ድንጋይ ይገኛል። በ20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በአሩሻ ከዚሁ ድንጋይ ፒፓ የሚሠራ ድርጅት ተቋቁሞ ሥራውን ወደ ውጭ ይልክ ነበር፤ የዝሆን ምልክት የነበረበት የፒፓው ስምም «ኪኮ» ነው፤ በስዋሂሊ ፒፓ ማለት ነው። ታዲያ የፒፓ ሊቃውንት የአምቦሴሊውን ድንጋይ ከኤስኪሼሂሩ በታች አስቀመጡት። እውነቱን ለመናገር የቱርኩ ድንጋይ ቀለል ያለና ነጣ ያለ ነው፤ የአምቦሴሊው ከበድ ይላል፣ ቀለሙም ወደ ቡናማ ያደላል። ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ከክብደትና ከቀለም ልዩነት ተነሥቶ አንዱን የመሳፍንት፣ ሌላውን የተራ ሰው ዕቃ እስከ ማለት የተደረሰበት መንገድ በጭስ የተመዘነ አይደለም። የሳሎን መደርደሪያ ላይ በሚያምረው የተመዘነ ነው። የአሩሻው ድንጋይ የደረሰበት ፍርድ የሚዙሪውን ቆረቆንዳ ካገኘው ፍርድ ጋር ወንድማማች ነው።

የመሳፍንቱ ዙፋን ባለቤት ግን ድንጋዩ ሳይሆን ብራየር የሚባለው እንጨት ነው። ብራየር ባለ ግርማ ስም ይኑረው እንጂ ማንነቱ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በሥነ ዕፅዋት ሊቃውንት ዘንድ ኤሪካ አርቦሪያ የሚባለው ተክል፣ በሰሜንና በባሌ ተራሮች ላይ ጭጋግ የሚጠጣው አስታ ነው። የሜዲትራኒያን ዳርቻ ሰዎች የዚህን ተክል ሥር ከግንዱ የሚጋጠምበትን እብጠት ቆፍረው፣ ቆርጠው፣ ለብዙ ሰዓት ቀቅለው፣ ወራትና ዓመታት አድርቀው ነው ብራየር የሚያደርጉት። በፈረንሳይ የቅዱስ ክሎድ ከተማ ከ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ በዚሁ ሥራ ስሟን ተክላለች። እብጠቱ እሳትን የሚችል፣ ጠንካራ፣ ደሙ የሚያምር እንጨት ነው፤ በዚህ ረገድ የሚቀርብበት ነቀፌታ የለም። ነቀፌታው ሌላ ነው። ለፒፓ የሚበቃ እብጠት ለማብቀል አሥርት ዓመታት ይፈጃል፤ እብጠቱ ሲወጣም ተክሉ አብሮ ይሞታል። አስታ በተራራ ላይ ሲቃጠል እንኳ ተመልሶ የሚያቆጠቁጠው በዚሁ እብጠት ነው፤ ቆፋሪው የሚወስደው የተክሉን መልሶ መነሻ ነው። «ይህ ዛፍ በአገራችን ሞልቶ የለምን? ለምን አንሸጠውም?» ብሎ የሚያስብ ቢኖር አስታ በዚያ ከፍታ ላይ አፈሩንና ውኃውን ይዞ መቆሙን ያስታውስ። ቆረቆንዳ ግን ማንም የማይፈልገው የመከር ትርፍ ነው። በክረምት በአዲስ አበባ መንገድ ዳር እሸት ጠብሶ የበላ ሁሉ ይጥለዋል፤ በገጠር የማገዶ ማቀጣጠያ ይሆናል፤ ጀሪካን ክዳኑ ሲጠፋም ውታፍ ሆኖ ያገለግላል። አንድ ፒፓ ከዚህ ዓይነት ነገር መሠራቱ ሊያሳፍር ይገባ ነበርን?

ወደ ጭሱ እንምጣ ቢባል ናቂዎቹ የሚሸነፉበት ሜዳ ይኸው ነው። አዲስ ብራየር ሲገዛ ባለቤቱን ትዕግሥት ያስተምረዋል። የውስጡ ግድግዳ የከሰል ሽፋን እስኪያበጅ ድረስ ደጋግሞ መጨስ አለበት፤ እስከዚያው ጭሱ ይግላል፣ ይመራልም። ቆረቆንዳው ግን በመጀመሪያው ቀን ያገለግላል። ብራየሩ ከተጨሰበት በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን ካላረፈ እርጥበቱ ይከማችና ይኮመጥጣል፤ ስለዚህ ብራየር አጫሽ አንድ ሳይሆን አምስት ስድስት ፒፓ መያዝ ግድ ይሆንበታል። ነጋዴው ይህን ምክር ሲሰጥ ፊቱ እንዴት እንደሚበራ መገመት አያስቸግርም። ቆረቆንዳው እርጥበቱን ራሱ ይመጠውና ቶሎ ይደርቃል፤ በቱቦው ውስጥ የሚንጎራጎረው ጉሮሮ መሰል ድምፅም ይቀንሳል። ሌላም አለ። ብራየር የቀድሞ ትምባሆውን አይረሳም፤ በቫኒላ የተቀባ ትምባሆ የጨሰበት ፒፓ ለወራት ያንኑ ይሸታል። ቆረቆንዳውም አይረሳም፤ ነገር ግን በጥቂት ዶላር የሚገዛ ስለሆነ ለእያንዳንዱ የትምባሆ ዓይነት አንድ አንድ መመደብ ይቻላል። ክብደቱም ላባ ነው፤ እጁ ሥራ የያዘበት ሰው በጥርሱ ነክሶት ቢውል መንጋጋው አይደክምም።

አመሉ ደግሞ አይደበቅም። ከሁሉ የከፋው የእንጨት ግንዱ ነገር ነው። ቱቦውን የሚይዘው እንጨት የቆረቆንዳውን ግድግዳ አልፎ ወደ ጎድጓዳው ውስጥ ብቅ ይላል፤ ይህች ብቅ ያለች ጫፍ በመጀመሪያዎቹ ማጨሻዎች ትምባሆው ወደ ታች ሲደርስ አብራ ትነድና አፍን የሚያመር ጭስ ታወጣለች። እስክትከስል ድረስ መታገሥ ነው፤ ወይም ልምድ ያላቸው እንደሚያደርጉት አመድ በውኃ ለውሶ የጎድጓዳውን ወለል መለሰን ነው። ሁለተኛው አመሉ ችኮላን አለመውደዱ ነው። በኃይል የሚስብ ሰው በጥቂት ወር ውስጥ ወለሉን አቃጥሎ ይበሳዋል፤ ቀስ ብሎ የሚስብ ሰው ግን ለዓመታት ይዘልቅበታል። ውስጡን እንደ ብራየር በቢላዋ መፋቅም አይገባም፤ ግድግዳው ለስላሳ ነውና አብሮ ይመጣል። የፕላስቲክ አፉ በጥርስ ይበሳል፤ የወረቀት ማጣሪያው እርጥበት ጠጥቶ ያብጥና በቱቦው ውስጥ ተሰንቅሮ ይቀራል። «የበቆሎ ጣዕም አለው» የሚሉ አድናቂዎችም ትንሽ ያጋንናሉ፤ ያ ጣዕም ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት አያልፍም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን አንድም ስንኳ ከብራየር በታች የሚያስቀምጠው አይደለም፤ ብራየርም የራሱ አመል ዝርዝር አለው፤ ዋጋው ውድ ስለሆነ ብቻ አመሉ «ጠባይ» ተብሎ ይከበርለታል።

ናቂዎቹ «ርካሽ» የሚሉት ነገር ርካሽ ሥራ አለመሆኑን ቢያውቁ ኖሮ ምን ይሉ ይሆን? በ20ኛው ምዕተ ዓመት የበቆሎ ዘር አሻሻዮች ዓላማ ቆረቆንዳው ቀጥኖ ፍሬው እንዲበዛ ነበር፤ ለሚበላና ለሚሸጥ ትክክል ነው። ለፒፓ ሠሪ ግን ጥፋት ነው፤ ቀጭን ቆረቆንዳ ጎድጓዳ አይወጣውም። ስለዚህ የዋሽንግተኑ ፋብሪካ ቆረቆንዳው ወፍራምና ጠንካራ የሆነ የተለየ ዘር ያስዘራል። ዘመናዊው ኮምባይነርም ቆረቆንዳውን ስለሚሰባብረው መከሩ የሚሰበሰበው አሮጌ ዓይነት ማሽን ዛላውን ሳይሰብር በሚለቅምበት ዘዴ ነው። ከዚያ ፍሬው ተፈልፍሎ፣ ቆረቆንዳው እስከ ሁለት ዓመት በማከማቻ ይደርቃል። እዚህ ቦታ ላይ የዓለም ሥርዓት ተገልብጧል፤ ፍሬው ተረፈ ምርት፣ ቆረቆንዳው ዋና ምርት ሆኗል። በ1925 ገደማ በዚያች አውራጃ ውስጥ ብቻ ደርዘን ያህል የቆረቆንዳ ፒፓ ድርጅቶች ነበሩ። ዛሬ የቀረው ቲቢ የጀመረውና ከ1907 ወዲህ በምርቱ ስም የሚጠራው አንዱ ብቻ ነው። ሌሎቹን የገደላቸው የፒፓው መጥፎነት አይደለም፤ ሲጋራ ነው።

ንቀቱ አንድ ነገር ነው፤ ከንቀቱ የማይሻል ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ እርሱም የውሸት ትሕትና ነው። ነሐሴ 30 ቀን 1945 ጄኔራል ዳግላስ ማክአርተር የተሸነፈችውን ጃፓንን ሊረከብ በአትሱጊ አየር ማረፊያ ከአውሮፕላኑ ሲወርድ በጥርሱ ነክሶ የታየው ረጅም ቱቦና ጥልቅ ጎድጓዳ ያለው የቆረቆንዳ ፒፓ ነበር። ያ ፒፓ በልኩ ተለይቶ የተሠራለት ነው። የትኛውንም ፒፓ ማግኘት የሚችል ሰው የገበሬውን መምረጡ ለፎቶግራፍ ያመቸዋል፤ «ከእናንተው አንዱ ነኝ» ይላል። የጦር አለቃ ስለነከሰው ቆረቆንዳው ከፍ አላለም፤ ከፍ ያለው አለቃው ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች የሚገዙት የጄኔራሉን ምስል እንጂ ፒፓውን አይደለም። ዕቃውን በድህነት ምልክትነቱ መናቅም ሆነ በዚያው ምልክትነቱ መልበስ ዕቃውን ሳያዩ ማለፍ ነው።

ከዚህ የባሰው ግን የቆረቆንዳው ወዳጆች ራሳቸው የሚያሰሙት ክርክር ነው። «የተፈጥሮ ነው፣ የእርሻ ነው፣ እርጥበቱንና ኒኮቲኑን ራሱ ይመጠዋል፤ ስለዚህ አይጎዳም» ይላሉ። የዚህ ክርክር ዘመድ በምሥራቅ አፍሪካ በደንብ ይታወቃል። ከቅልና ከሸክላ የተሠራውን ጋያ የሚያጨስ ሽማግሌ ጭሱ በውኃው ታጥቦ እንደሚወጣ ያምን ነበር፤ የከተማው ወጣትም ስለ ሺሻ ያንኑ ሲደግም ቆይቶ ነው ታንዛንያ በ2016፣ ሩዋንዳና ኬንያ ደግሞ በ2017 ሺሻን ያገዱት። ውኃውም አላጠበም፤ ቆረቆንዳውም አያጣራም። የሚመጠው ከቃጠሎው የሚወጣውን እርጥበት ነው፤ በጭሱ ውስጥ ያለው መርዝ ጭሱ ውስጥ ነው። «ፒፓ አጫሽ ወደ ሳንባው አይስብም» የሚለውም ከሳሽን ዝም አያሰኝም። የፒፓ ትምባሆ ጭስ ኒኮቲኑ በአፍ ውስጥ ሥጋ በኩል ወደ ደም የሚገባ ዓይነት ነው፤ ሳንባ ሳይነካም ሱስ ያስይዛል። የከንፈር ካንሰር በፒፓ አጫሾች ላይ መታየቱን ዘሞሪንግ የሚባለው ጀርመናዊ ሐኪም የመዘገበው በ1795 ነው፤ ከቲቢ ሱቅ ከሰባ ዓመት በላይ ቀድሞ ማለት ነው። የአፍ፣ የጉሮሮና የሳንባ ካንሰር ከዚያ በኋላ ተከታትለው ተጨምረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትምባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ይገድላል፤ በዚያ ቁጥር ውስጥ ጭሱ ከድንጋይ፣ ከእንጨት ወይም ከቆረቆንዳ መውጣቱ አልተለየም። በ2019 የወጣው የኢትዮጵያ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅም በዝግ የሕዝብ መገልገያ ቦታ ማጨስን ሲከለክል ለፒፓ የተለየ ወንበር አላስቀመጠም።

እንግዲህ ቆረቆንዳን ከንቀት የሚያድነው ሚዛን ከምስጋናም አያተርፈውም። ፒፓን በፒፓነቱ፣ ማለትም ትምባሆን አቃጥሎ ጭሱን ለአፍ በማድረሱ ብንመዝነው ከባለ ብዙ መቶ ዶላሩ ብራየር አያንስም፤ በአንዳንድ ነገርም ይበልጣል። ያደረሰው ነገር ምንድን ነው ብለን ስንጠይቅ ደግሞ ሁለቱም እኩል ተከሳሾች ናቸው። ናቂው የመጀመሪያውን ጥያቄ ይሸሻል፤ አድናቂው ሁለተኛውን።

ናቂዎቹ በመጨረሻ የሚይዟት አንዲት ምሽግ አለች፤ ብራየር ለልጅ ይወረሳል፣ ቆረቆንዳ አይወረስም የምትል። ልክ ነው፤ አይወረስም። ነገር ግን አባቱ በእርሱ ሲያስል የኖረበትን ዕቃ ልጁ በአደራ ተቀብሎ በመደርደሪያ ላይ የሚያኖረው ለምን እንደሆነ አስረጂው ሊያስረዳ ይገባዋል። የቆረቆንዳው ባለቤት ከዚህ ክርክር ነጻ ነው። ወለሉ በስቶ ብርሃን ያሳየ ጊዜ ጎድጓዳውን ከምድጃው ይጨምረዋል፤ የባሕር ማሽላ ቆረቆንዳ ነውና እንደ ማንኛውም ቆረቆንዳ ይነዳል። የፕላስቲክ አፉ ግን አስቀድሞ መነቀል አለበት፤ ካልተበሳ ለሚቀጥለው ይሆናል።